ሎኬሽን መላክ መንገድ መንገር አይደለም

«ሎኬሽን ላክልኝ» የምትለው ዐረፍተ ነገር በማኅበራችን የቴሌግራም ቡድን ውስጥ ከ«ሰላም ናችሁ?» ቀጥላ ብዙ ጊዜ የምትጻፍ ሳትሆን አትቀርም። የሚላከው ነጥብም ሥራውን ይሠራል፤ ስልኩ ይመራል፣ እግር ይከተላል፣ ሰው ይደርሳል። በዚህ ቅሬታ የለኝም። ቅሬታዬ ነጥብ መላክን መንገድ ከመንገር ጋር አንድ አድርገን ማየታችን ላይ ነው። ነጥብ የተላከለት ሰው ይደርሳል። መንገዱ በቃል በደንብ የተነገረው ሰው ግን ከመድረሱም በላይ በጭንቅላቱ ውስጥ ከተማ ይሠራል።

ልዩነቱ ለእኛ ለተማሪዎቹ ትንሽ ሊመስለን ይችላል። እዚህ ፓርክዴል፣ ጄምሰን አቬኑ ላይ በተደረደሩት ሕንጻዎች ውስጥ ለሚኖሩና ከአገር ቤት ከመጡ ዓመት ላልሞላቸው እናቶችና አባቶች ግን ልዩነቱ ከቤት በመውጣትና ባለመውጣት መካከል ነው። ልጃቸው ሥራ ሲሄድ ስልኩም አብሮት ይሄዳል፤ ከስልኩ ጋር መንገዱ ይሄዳል። እነሱ መስኮት ላይ ይቀራሉ። ይህን የምጽፈው ችግሩ በአንድ የአማርኛ አንቀጽ ሊቃለል እንደሚችል ስለማምን ነው።

ቃል እንዴት ካርታ ይሆናል?

ሰው ስለ አንድ ቦታ ሲነገረው የሚይዘው ቃላቱን አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1972 ጆን ብራንስፎርድና ባልደረቦቹ ሰዎችን ሰብስበው አንድ ቀላል ነገር አሰሟቸው፤ ሦስት ኤሊዎች በሚንሳፈፍ ግንድ ላይ ተቀምጠዋል፣ ከሥራቸውም ዓሣ ዋኘ። ቆየት ብለው ሲጠይቋቸው ብዙዎቹ የሰሙት «ዓሣው ከግንዱ ሥር ዋኘ» የሚለውን ይሁን «ከኤሊዎቹ ሥር ዋኘ» የሚለውን መለየት አቃታቸው። ኤሊዎቹ ከግንዱ አጠገብ ናቸው ተብሎ የተነገራቸው ግን እንዲህ አልተምታቱም። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ኤሊዎቹ ግንዱ ላይ ካሉ፣ ከእነሱ ሥር ያለፈ ከግንዱም ሥር አልፏል። ሰሚው ዐረፍተ ነገሩን ጥሎ ሥዕሉን ይዟል ማለት ነው።

ሃያ ዓመት ቆይቶ፣ እ.ኤ.አ. በ1992፣ ሆሊ ቴይለርና ባርባራ ትቨርስኪ ጥያቄውን ወደ ሰፈርና ወደ መንገድ አመጡት። ሰዎች ስለማያውቋቸው ቦታዎች የተጻፈ መግለጫ አነበቡ። አንዳንዱ መግለጫ አንባቢውን እንደ መንገደኛ ይዞት ይሄዳል፤ «በግራህ ይህን ታያለህ፣ አልፈህ ትታጠፋለህ» ይላል። ሌላው ከላይ ሆኖ እንደሚያይ ሰው «ይህ ከዚያ በስተሰሜን ነው» ይላል። ከዚያ በመግለጫው ውስጥ ያልተጻፉ ነገሮች ተጠየቁ። በመንገደኛ አቀራረብ ያነበቡት በሰሜንና በደቡብ የቀረበውን ጥያቄ መለሱ፤ ከላይ በሚያይ አቀራረብ ያነበቡትም በግራና በቀኝ የቀረበውን መለሱ። የመልሳቸው ትክክለኛነት ያን ያህል አልተለያየም። በየትኛውም በር ቢገቡ፣ ውስጥ የሠሩት ቤት ያው ነበር።

ይህን ውጤት ከልብ እንድናየው የምፈልገው ስለ ራሳችን የምናስበውን ስለሚያርም ነው። «ሐበሻ አድራሻ አያውቅም፤ ዛፍና ሱቅ እየጠራ ነው መንገድ የሚነግረው» እያልን በራሳችን እንስቃለን። ዛፍና ሱቅ እየጠሩ ደረጃ በደረጃ መውሰድ ግን የኋላቀርነት ምልክት አይደለም። ሻርሎት ሊንዴና ዊልያም ላቦቭ እ.ኤ.አ. በ1975 ባሳተሙት ጥናት፣ የኒው ዮርክ ነዋሪዎች የሚኖሩበትን አፓርታማ አቀማመጥ እንዲናገሩ ሲጠየቁ፣ ከሞላ ጎደል ሁሉም ከበሩ ጀምረው ክፍል በክፍል ጠያቂያቸውን እንደ እንግዳ አዞሩት። ከላይ ሆኖ እንደ ንድፍ የገለጸው ጥቂት ነው። የሰው ልጅ ቦታን ሲናገር በእግሩ ነው የሚናገረው።

ቁልቁልና ሽቅብ

አዲስ አበባን ያየ ሰው ይህን ያውቃል። ፒያሳ ማዘጋጃ ቤቱ አጠገብ ቆሞ «ለገሃር እንዴት ልሂድ?» ያለ ሰው የሚሰጠው መልስ እንዲህ ያለ ነው፦ «ቸርችልን ይዘህ ቁልቁል ውረድ። ቴዎድሮስ አደባባይን ታልፋለህ፣ ጥቁር አንበሳን ታልፋለህ፣ ብሔራዊ ቴአትርን ስታልፍ ለገሃር ፊት ለፊትህ ነው።» አንድም የቤት ቁጥር የለበትም። ግን እያንዳንዱ ምልክት ካለፈው ጋር ተያይዟል፤ አቅጣጫውም በአንድ ቃል፣ «ቁልቁል» በሚለው፣ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ተይዟል።

ይህ ማያያዝ ትልቅ ነገር ነው። ኬት ኧርሊክና ፊሊፕ ጆንሰን-ሌርድ እ.ኤ.አ. በ1982 እንዳሳዩት፣ የዕቃዎች አቀማመጥ ሲነገር እያንዳንዱ ዐረፍተ ነገር ቀድሞ ከተጠራው ነገር ከተነሣ ሰሚው በትክክል ይስለዋል። ሁለት የማይገናኙ ነገሮች ተነግረው ማገናኛው በመጨረሻ ከመጣ ግን ብዙ ይሳሳታል። ምክንያቱም ሁለት ቁርጥራጭ ሥዕል በአንድ ጊዜ መሸከም ይኖርበታል። «ቤተ ክርስቲያኑ ከድልድዩ ማዶ ነው፤ ቤቱ ከዳቦ ቤቱ ጀርባ ነው፤ እ! ዳቦ ቤቱ ደግሞ ከድልድዩ ወዲህ ነው» ያላችሁን ሰው አስታውሱ። የተናገረው ሁሉ እውነት ነበር፤ ግን ጠፍታችኋል።

«ቁልቁል» የምትለው ቃልም ዋጋ አላት። ናንሲ ፍራንክሊንና ባርባራ ትቨርስኪ እ.ኤ.አ. በ1990 ሰዎች በቃል በተነገራቸው ቦታ ውስጥ ቆመው እንዲያስቡ አድርገው ነበር። ከራስጌና ከግርጌ ያለውን ፈጥነው መለሱ፤ ከፊትና ከኋላ ያለው ተከተለ፤ ከሁሉም የዘገየው ግራና ቀኝ ነበር። የሰውነታችን ላይና ታች አይመሳሰሉም፣ ምድርም ወደ ታች ትስበናለች። ግራችንና ቀኛችን ግን መስታወት ናቸው።

አዲስ አበባ ተዳፋት ላይ የተሠራች ከተማ ናት። በሰሜን እንጦጦ ከ3000 ሜትር በላይ ከፍታ አለው፤ በደቡብ ምሥራቅ ያለው የቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ 2334 ሜትር ላይ ነው። ስለዚህ «ወደ ላይ ውጣ» ማለት ባብዛኛው ወደ ሰሜን፣ «ወደ ታች ውረድ» ማለት ወደ ደቡብ ነው። የከተማው ሰው ኮምፓስ ሳይዝ ሰሜንን በጉልበቱ ያውቀዋል።

አሁን ወደ ቶሮንቶ እንምጣ። እዚህም መሬቱ በጥቅሉ ከሰሜን ወደ ደቡብ፣ ወደ ኦንታሪዮ ሐይቅ ያዘቀዝቃል። እንጦጦን በሰሜን ያለው ከፍታ፣ አቃቂን ሐይቁ ተክተውታል በሉት። እናቶቻችን ከቤታቸው ያመጡት ላይና ታች ፓርክዴል ላይ ሳይታጠፍ ይሠራል። ይህን ግን ማንም አልነገራቸውም፤ የምንነግራቸው «በሁለት መቶ ሜትር ወደ ቀኝ ታጠፍ» የሚለውን የስልክ ድምፅ ተርጉመን ነው።

ፓርክዴል በቃል

ሰፈራችን ለዚህ ጥሩ መፈተኛ ነው። ፓርክዴል እ.ኤ.አ. በ1879 ራሱን የቻለ መንደር ሆኖ፣ በ1889 ከቶሮንቶ ጋር ተቀላቀለ። በሥዕል ሲታይ ቀላል ነው፤ በምሥራቅ ደፈሪን፣ በምዕራብ ሮንሰስቫልስ፣ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ የሚሄዱት ኩዊንና ኪንግ፣ በታች ሐይቁ። በቃል ሲነገር ግን ሦስት ወጥመዶች አሉት።

አንደኛው፣ ኩዊንና ኪንግ መሃል ከተማ ጎን ለጎን የሚሄዱ መንገዶች ናቸው። ይህ ብቻ የተነገረው ሰው የሚሠራው ሥዕል ሁለት የማይገናኙ መስመሮች ነው። ሮንሰስቫልስ ላይ ግን ይገናኛሉ። ከጄምሰን ወደ ምዕራብ በኪንግ ሄድክ በኩዊን፣ የምትደርሰው አንድ መጋጠሚያ ላይ ነው። ሁለተኛው፣ መንገድ ስሙን ይቀይራል። ከኩዊን በታች ጄምሰን የነበረው ከኩዊን በላይ ላንስዳውን ይባላል። ብሎርም የዶን ሸለቆን ሲሻገር ዳንፎርዝ ይሆናል። ስሙ ሲለወጥ አዲስ ሰው «ሌላ ቦታ ገባሁ» ብሎ ይደነግጣል። ሦስተኛው፣ «ሐይቁ ቅርብ ነው» የሚለው ነው። ለዓይን እውነት ነው፤ ለእግር ግን እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጨረሻ በዚህ በኩል የተዘረጋው የጋርዲነር ፈጣን መንገድና ከጎኑ ያለው የባቡር ሐዲድ ሰፈሩን ከውሃው ለይተውታል፤ ድልድይ መፈለግ ግድ ነው።

እነዚህን ሦስቱን ካርታ አያስረዳም፤ ያሳያል እንጂ። የሚያስረዳው ሰው ነው። ከካርታው ለመረዳት ካርታ ማንበብ ያስፈልጋል፤ ከሰው ለመረዳት ግን ጆሮ ይበቃል።

ባለፈው መኸር አንዲት የሕንጻችን እናት፣ ልጃቸው ጋ ከመጡ አምስት ወር የሆናቸው፣ ሊፍት ውስጥ አገኙኝና «ልጄ፣ ያ መጻሕፍት የሚያነቡበት ቤት በየት በኩል ነው? የልጅ ልጄን ልወስዳት ነበር» አሉኝ። የምንኖረው በኪንግና በኩዊን መካከል፣ ከጄምሰን በስተምሥራቅ ነው። እንዲህ አልኳቸው፦

«እማማ፣ ከበሩ ሲወጡ ሐይቁን ከኋላዎ አድርገው ወደ ላይ ይሂዱ። በቀኝዎ ትልቅ ትምህርት ቤት ያገኛሉ። ትምህርት ቤቱን ሲያልፉ ሐዲድ የተነጠፈበት ሰፊ መንገድ ይገጥምዎታል፤ ኩዊን ማለት እሱ ነው። እንዳይሻገሩት። እዚያው ጥጉ ላይ ወደ ቀኝዎ ይታጠፉና ኩዊንን ይዘው ቀጥ ይበሉ። ቤተ መጻሕፍቱ በዚያው በቀኝዎ በኩል፣ ኮዋን የሚባለው መንገድ ጥግ ላይ ነው።»

«ገባዎት?» አላልኳቸውም። «ገባኝ» የሚለው መልስ ከትሕትና እንጂ ከሥዕል አይመጣም። በምትኩ ያልነገርኳቸውን ጠየቅኳቸው። «እማማ፣ የቤተ መጻሕፍቱ ደጃፍ ላይ ቆመው ኩዊንን ቢያዩ፣ ሐይቁ በየት በኩል ነው?» እጃቸውን አነሡ፣ አዞሩ፣ ዝም አሉ። ከዚያ «ከኋላዬ ነዋ!» አሉኝ። «ሲመለሱስ?» «ጄምሰን ላይ ስደርስ ወደ ግራዬ እታጠፍና ቁልቁል ነዋ። ትምህርት ቤቱ አሁን በግራዬ ይሆናል።» ይህን ሁሉ ማንም አልነገራቸውም። ከስድስት ዐረፍተ ነገር የሠሩትን ከተማ እያዩ ነበር የሚያነቡልኝ። በሳምንቱ ሲያገኙኝ ጥያቄያቸው ተለውጦ ነበር፦ «ከቤተ መጻሕፍቱ ወዲያስ ምን አለ?»

ይህን ጥያቄ ስልክ የሚከተል ሰው አይጠይቅም።

አማርኛችን እዚህ ላይ የሚያግዘንን ልብ በሉ። «በቀኝዎ» ስንል ቃሏ ራሷ የማን ቀኝ እንደሆነ ትናገራለች፤ የእኔ አይደለም፣ የሕንጻው አይደለም፣ የእርስዎ ነው። «ውጣ»ና «ውረድ» አቅጣጫውን ግሡ ውስጥ ይዘውታል። «ማዶ» ስንል መሻገር እንዳለ አስቀድመን አስጠንቅቀናል። መሣሪያው በእጃችን አለ፤ የጎደለን እርጋታው ነው።

«ስልክ እያለ ለምን?»

የሚነሣውን ተቃውሞ አውቃለሁ። ስልክ አይሳሳትም፣ ሰው ይሳሳታል፤ ምልክት ይፈርሳል፣ ሱቅ ይዘጋል። በቃል የተነገረ መንገድ አንድ መታጠፊያ ከተሳተ ሰንሰለቱ ይበጠሳል። ሁሉም እውነት ነው። መንገድ ማወቅም አድራሻን አይተካም፤ 911 ላይ የሚደውል ሰው «ከትምህርት ቤቱ ዝቅ ብሎ» ሳይሆን ቁጥርና የመንገድ ስም መናገር መቻል አለበት።

ግን ስልክ የሚያደርሰውን ያህል አያስተምርም። ቶሩ ኢሺካዋና ባልደረቦቹ ጃፓን ውስጥ አካሂደው እ.ኤ.አ. በ2008 ባሳተሙት ጥናት፣ በጂፒኤስ እየተመሩ የሄዱ ሰዎች አስቀድሞ መንገዱን በሰው ከታዩት ይልቅ ረጅም ርቀት ተጓዙ፣ ብዙ ጊዜ ቆሙ፣ በኋላ የሳሉት ንድፍም የባሰ ነበር። ስልኩ ባትሪ ሲጨርስ የሚቀረው በጭንቅላት ያለው ብቻ ነው፤ በየካቲት ብርድ ደግሞ ባትሪ ቶሎ ያልቃል።

አድራሻውም ቢሆን ደንቡን ለሚያውቅ ሰው የቦታ መግለጫ ነው። የፓርክዴል ቤተ መጻሕፍት 1303 ኩዊን ምዕራብ ነው። «ምዕራብ» ከያንግ በስተምዕራብ ማለት ነው፤ ቁጥሩ ከያንግ እየራቅን ስንሄድ ይጨምራል፤ 1303 ስለዚህ ሩቅ ነው። ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ በሚሄዱ መንገዶች ላይ ጎዶሎ ቁጥር በደቡብ፣ በሐይቁ በኩል ነው፤ ሙሉው በሰሜን። ይህን አንዴ የተነገራቸው አባት የማያውቁት መንገድ ላይ ወርደው ቁጥር አይተው የት እንዳሉ ይገምታሉ። ያልተነገራቸው ግን አራት አሐዝ ብቻ ነው የሚያዩት። እንግዲህ በቃልና በአድራሻ መካከል ምረጡ እያልኩ አይደለም። አድራሻውንም በቃል እናስረዳ ነው የምለው።

የእነሱ ተራ

ነገሩ በአንድ አቅጣጫ ብቻ አይሄድም። እዚህ ተወልደን ያደግን ብዙዎቻችን አዲስ አበባን ያወቅነው በወላጆቻችን አፍ ነው። አራት ኪሎን ሳናየው ከስድስት ኪሎ በታች መሆኑን እናውቃለን፤ መሃላቸው አምስት ኪሎ መኖሩን እንገምታለን፤ ካዛንቺስን በሽታው እናውቀዋለን። ያ ሥዕል ከቃል የተሠራ ነው፤ ግን ሥዕል ነው፤ ብዙዎቻችን ለመጀመሪያ ጊዜ ስንሄድ «እዚህ ነው እንዴ?» ያልነው በዚሁ ምክንያት ነው።

ዛሬ ያ ቃል ሌላ ክብደት አግኝቷል። በኮሪደር ልማቱ ዶሮ ማነቂያን የመሰሉ የፒያሳ አሮጌ ሰፈሮች በ2016 ዓ.ም. ፈርሰዋል፤ በ2017 ዓ.ም. የካዛንቺስ ተራ ደረሰ። መፍረሳቸው ልክ ነው አይደለም የሚለውን ክርክር ለሌላ ቀን እንተወው። የማይካደው፣ ከዚህ በኋላ ሄዶ የሚያይ ሰው የወላጁን ሰፈር አያገኝም። ከዳቦ ቤቱ እስከ ቧንቧው፣ ከቧንቧው እስከ ጠጅ ቤቱ ያለው መንገድ የቀረው በሚያስታውሱት ሰዎች ጭንቅላት ውስጥ ብቻ ነው። እነሱ ደግሞ ብዙዎቹ እዚሁ፣ ጄምሰን ላይ፣ ዳንፎርዝ ላይ፣ መስኮት አጠገብ ተቀምጠዋል።

ፎቶ አለ ትሉኝ ይሆናል። ፎቶ የአንድ በር ፊት ያሳያል፤ ከዚያ በር ወደሚቀጥለው እንዴት እንደሚኬድ አይናገርም። ያንን የሚናገረው የሄደበት ሰው ነው።

ምን እናድርግ?

ለማኅበራችን የማቀርበው ሐሳብ ገንዘብ አይጠይቅም። በየዓመቱ ለአዲስ መጤዎች የምናዘጋጀው መረጃ የአድራሻና የሊንክ ዝርዝር ነው። ከእያንዳንዱ አድራሻ ጎን የአንድ ደቂቃ የአማርኛ የድምፅ መልእክት እንጨምርበት፤ ከጄምሰን ወደ ቤተ መጻሕፍቱ፣ ከኩዊን ወደ ክሊኒኩ፣ ከፓርክዴል ወደ ዳንፎርዝ። የመጨረሻውን ለምሳሌ እንዲህ ማለት ይቻላል፦ «ኩዊንና ላንስዳውን ጥግ ላይ 47 ቁጥር አውቶቡስ ይዘው ሽቅብ እስከ ላንስዳውን ጣቢያ ይሂዱ። እዚያ ወደ ምሥራቅ፣ ወደ ኬኔዲ የሚሄደውን ባቡር ይያዙ። ሸለቆውን በድልድይ ከተሻገሩ በኋላ ከላይ ያለው መንገድ ብሎር መባሉ ቀርቶ ዳንፎርዝ ይባላል፤ አይደንግጡ፣ ያው መስመር ነው። ግሪንዉድ ላይ ይውረዱ። የአገር ምግብ ቤቶቹ እዚያው አካባቢ ናቸው።»

ድምፁን የምንቀዳ ሰዎች አራት ነገር እንያዝ። መጀመሪያ መያዣውን እንስጥ፤ ሐይቁ ታች ነው። ቀጥሎ እያንዳንዱን ምልክት ካለፈው እናያይዝ፣ እየዘለልን አንሂድ። ግራና ቀኝን ብቻቸውን አንተው፣ ከላይና ከታች ጋር እናጣምራቸው። በመጨረሻም «ገባዎት?» ሳይሆን ያልነገርነውን እንጠይቅ።

ሁለተኛው ሐሳብ የቤት ሥራ ነው። በሚቀጥለው እሑድ ቡና ሲፈላ አባታችሁን ወይም እናታችሁን «ሰፈራችሁ ምን ይመስል ነበር?» ብላችሁ አትጠይቁ፤ «ደስ ይል ነበር» ይሏችኋል። ይልቅ «ከቤታችሁ በር ጀምረሽ ትምህርት ቤት ድረስ ውሰጂኝ፤ መጀመሪያ በግራሽ ምን አለ?» በሏቸው። ስልካችሁንም አውጡ፤ ለሎኬሽን ሳይሆን ድምፃቸውን ለመቅዳት። ሲጨርሱ እንደ እኔ ጎረቤት ያልነገሯችሁን አንድ ነገር ራሳችሁን ጠይቁ። መመለስ ከቻላችሁ ሰፈሩ ተሻግሯል።

እኛ ለእነሱ ፓርክዴልን፣ እነሱ ለእኛ ካዛንቺስን በቃል እንስጣጣ። ለዚህ የሚያስፈልገው አንድ ሰው ረጋ ብሎ የሚናገር፣ ሌላው የሚሰማ ነው።